አባ ሩርና የሰንበሌጥ ሜዳ ሙግት

ስለ አባ ሩር ከሚወራው ግማሹ ውሸት ነው፤ የቀረው ግማሽ ደግሞ የታች ቤት ሰዎች የኛ ሰው ነው እያሉ የሰረቁት ነው። ሰውዬው የላይ ቤት ሰው ነው፤ በዚህ ክርክር የለም። እኔ የማወራው ያባቴ ታላቅ ወንድም አያ ምትኩ የነገረኝን ነው። አያ ምትኩ ሱረቱን ስቦ፣ አስነጥሶ፣ ይማርህ እስኪባል ጠብቆ ነው ወሬውን የሚቀጥለው። እንዲህ ረጋ ያለ ሰው አይዋሽም። ቢዋሽም ያሳምረዋል፤ ስለዚህ ዝም ብላችሁ ስሙ።

የሰውዬው የክርስትና ስም ለቄሱ ይቆይና፣ እናቱ ያወጣችለት ስም ጓንጉል ነው። በላይ ቤትና በታች ቤት መካከል ሰንበሌጥ ሜዳ የሚባል ሰፊ ሜዳ ነበር። በየዓመቱ የልደት ቀን ከቀትር በኋላ ሁለቱ መንደሮች እዚያ ወጥተው ገና ይጫወታሉ። ሩሩ ከወይራ ሥር የተድቦለቦለ እንጨት ነው፤ ዱላው ጫፉ ቆልመም ያለ ነው፤ ሩሩን እየመታ ከባላጋራው መንደር ጫፍ ያደረሰ አሸነፈ ማለት ነው። በዚያ ቀን ጌታና ሎሌ የለም። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባል የለ? ድሀው ባላባቱን ቢመታው፣ በግጥም ቢሰድበው፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ ማንም ምንም አይለውም።

ጓንጉል በዚያ ሜዳ አርባ ገና ተጫውቷል። አንድ በሬ ነበረው፤ ማሳውም በሬው ተኝቶ ጅራቱን ቢዘረጋ የሰው ድንበር የሚገፋበት ዓይነት ማሳ ነው። ቀኝ እግሩ በሃያኛው ገና ተሰብሮ ስለ ነበር ያነክሳል። ሩሩ ከዱላው ሥር ከገባ ግን አሥር ጎረምሳ አያስጥለውም። ስለዚህ አገሩ ሁሉ አባ ሩር አለው።

አባ እገሌ ማለት እንግዲህ የፈረስ ስም ነው፤ መኳንንቱ በፈረሳቸው የሚጠሩበት። የአገሩ ገዥ ፊታውራሪ አጥናፌ ይህን ሲሰሙ ከነከናቸው። አንድ ቀን መንገድ ላይ አገኙትና ከበቅሏቸው ሳይወርዱ፣ ፈረስ ሳይኖርህ የፈረስ ስም ከየት አመጣህ ብለው ጠየቁት።

«ጌታዬ፣ ፈረሱን እርስዎ ይያዙት፤ ስሙን ለኔ ይተዉልኝ። ስም እንደሆነ ገብስ አይበላ።»

ፊታውራሪ በቅሏቸውን ኮርኩረው ሄዱ።

በዚያው ዓመት ለገና ፊታውራሪ ራሳቸው ዱላ ይዘው ሜዳ ወረዱ። ጌቶች መጫወት ያምራቸዋል፤ መመታት ነው የማያምራቸው። ጨዋታው ሲፋፋም የጓንጉል ዱላ ሩሩን ስቶ የፊታውራሪን ቅልጥም አገኘው። ፊታውራሪ እግራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው፣ እንዳይቆጡ ሕጉ ሰቅዞ ይዟቸው፣ አንተ ሰው የኔን እግር ከሩር ለይተህ አታውቅም ወይ አሉት።

«አውቃለሁ እንጂ ጌታዬ። ሩር ሲመቱት ይሄዳል።»

ከሳቁት መካከል የፊታውራሪ ጋሻ ጃግሬዎችም ነበሩበት። ነገሩ የተበላሸው እዚያ ላይ ነው።

ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ መቆጣት ይቻላል፤ በጨዋታ ለተደረገ ነገር ግን ሰው መቅጣት ነውር ነው፤ አገር ይታዘባል። ፊታውራሪ ስምንት ወር ሙሉ አሰቡበት። መስከረም ሲጠባ ሰውዬውን ተዉና ሜዳውን ያዙ። በገበያ ቀን ነጋሪት አስጎስመው፣ ሰንበሌጥ ሜዳ ማረሻ ነክቶት የማያውቅ ጠፍ መሬት ስለሆነ በሬ ተጠምዶበት ገብስ ይዘራበታል ብለው አስነገሩ።

ላይ ቤት አዘነ። ታች ቤትም አዘነ፤ እሱን አልክድም። ጓንጉል ያን ቀን እህል አልቀመሰም። አያ ምትኩ ይህን ሲያወራ ሱረቱን ይረሳው ነበር። ሰውዬው ዓመቱን ሙሉ ለሹም ሲሰግድ፣ ለጭቃ ሹም እጅ ሲነሳ፣ በሰው ደጅ ቆሞ ሲለምን ነው የኖረው። ቀና ብሎ የሚሄድበት ቦታ በዓለም ላይ ያ ሜዳ ብቻ ነበር፤ እሱም ለአንድ ቀን፣ የቀኑም እኩሌታ። እሱን ነው ሊያርሱበት የተነሡት።

በማግስቱ ደጅ ሊጠና ፊታውራሪ ግቢ ሄደ። ዛሬ ጌታ ተኝተዋል ተባለ። ነገ ጌታ ራት ላይ ናቸው ተባለ። ከነገ ወዲያ እግራቸውን ያማቸዋል ተባለ፤ ይሄኛው እንኳ እውነት ሳይሆን አይቀርም። በዘጠነኛው ቀን ፊታውራሪ ብቅ ሲሉ ከአጥሩ ሥር ቆሞ አዩትና፣ አንተ አሁንም እዚህ ነህ አሉት።

«አዎን ጌታዬ። ስመጣ ግን ጠጉሬ ጥቁር ነበር።»

ሳቃቸው ሊያመልጣቸው ሲል በጋቢያቸው ያዙትና አስገቡት። ጓንጉል መሬት ስሞ ሜዳውን ይማሩልን አለ። ፊታውራሪ ደግሞ ክፉ ብቻ አልነበሩም፤ ብልጥም ነበሩ። አገሩ የሚከተለው ይሄንን አንካሳ መሆኑን ያውቃሉ። ጥቁር በርኖስ አስመጡና በገዛ እጃቸው አለበሱት። ቤትህ ግባ፣ ስለ ሜዳው አፍህን ያዝ፣ በርኖሱ ያንተ ነው አሉት። ጓንጉል በርኖሱን ወደ ግራ ዳበሰው፣ ወደ ቀኝ ዳበሰው፣ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ሳበው፣ እስከ አገጩ ቆለፈው።

«ልብሱስ መልካም ነው ጌታዬ። አፌን ግን አይደርስለትም።»

አውልቆ፣ አጥፎ፣ መደብ ላይ አስቀምጦ ወጣ። ብርድ ነበር ይባላል።

ይሄን ምላስ ከየት አመጣው ብትሉኝ ከሚስቱ ነው እላችኋለሁ። ባለቤቱ ዘርፌ ትባላለች። አንድ ጊዜ ከገና ጨዋታ ሲመለስ ግንባሩ ተፈንክቶ፣ አንድ ጥርሱ ወልቆ፣ እጀ ጠባቡ ተቀዶ ደረሰ። ደጃፉ ላይ ሆኖ፣ ዘርፌ እልል በይ፣ አሸነፍን አላት። ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«አሸናፊው ይሄ ከሆነ፣ ተሸናፊውን የት ቀበራችሁት?»

አያ ምትኩ እንደሚለው በሕይወቱ መልስ ያጣው ያን ቀን ብቻ ነው፤ እኔ ግን በዘርፌ ቤት ሌላም ቀን ሳይኖር አይቀርም እላለሁ።

ከበርኖሱ ወዲህ ፊታውራሪ እሱን የሚይዙበት ምክንያት ይፈልጉ ጀመር። ለገና ዱላ የሚሆን እንጨት ሲቆርጥ የደን ጠባቂው ያዘውና እጁን አስሮ አቀረበው። ፊታውራሪ ደስ አላቸው። ከኔ ዱር የኔን ወይራ ለምን ቆረጥህ አሉት። ጓንጉል የቆረጠውን አሳያቸው፤ ጫፉ እንደ መንጠቆ የዞረ ነበር።

«እንደሚያዩት ጠማማ ነው ጌታዬ። ቀጥ ያሉትን እንዳያበላሽብዎ ለይቼ ወሰድሁት።»

በጠማማ እንጨት ሰው ቢያስሩ አገር ይስቃል። ፈቱት።

እንግዲህ ልመናውም ማስፈራሪያውም ካልሆነ የቀረው ሙግት ነው። ላይ ቤትና ታች ቤት አንድ ላይ ሆነው ጓንጉልን ነገረ ፈጅ አድርገው ፊታውራሪን ከቀኛዝማች ይርዳው ችሎት አቆሙ። ቀኛዝማች ይርዳው ፍርድ አዋቂ ናቸው፤ ቅን ናቸው ማለት ግን አልችልም፤ ቆጣቢ ናቸው። ፍርድም ይቆጥባሉ፣ ሳቅም ይቆጥባሉ፣ ጠላ ከሁሉ አብልጠው ይቆጥባሉ። ከሩቅ የመጣ ባለጉዳይ ዳኛው ቤት ጠላ ይቀመስለት ነበር። ለጓንጉል የቀረበለት ጠላ ግን በዋንጫው ውስጥ የዋንጫውን ወለል ያሳያል። ቀኛዝማች አይተውት ኖሮ፣ ጠላው እንዴት ነው አሉት።

«ጥሩ ነው ጌታዬ። ብቻ ወንዙን ሲሻገር ጠምቶት ነበር መሰል፣ ብዙ ጠጥቷል።»

ቀኛዝማች አልሳቁም። ሁለተኛ ዋንጫ ግን ወፈር ብሎ መጣ።

ችሎቱ ዋንዛ ሥር ዋለ። ፊታውራሪ ጋቢያቸውን አጣፍተው ቆሙና በግርማ ሞገስ ተናገሩ። ሜዳው ገብስ አላበቀለ፣ ባቄላ አላበቀለ፣ ግብር አላወጣ። ከብት ይግጠዋል፣ ሰካራም ይሮጥበታል። አንተ የሜዳው ጠበቃ ነኝ ካልህ፣ ይህ መሬት ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ምን አፍርቶ ያውቃል፤ ተጠየቅ አሉት። ጥያቄው እውነት ከባድ ነው። ጓንጉል በዱላው ተደግፎ መለሰ።

«ጌታ የማይቆጣበት አንድ ቀን አፍርቷል። የእርስዎ መሬት ሁሉ ተደምሮ እንዲህ ያለ ሰብል ሰጥቶ ያውቃል?»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ዓይኑን በነጠላው ጠረገ። ቀኛዝማች ወደ ሰማይ አዩ፤ ለፍርድ እንዳይቸኩሉ ሲፈልጉ እንዲህ ያደርጋሉ።

ፊታውራሪ ግን አልተዉም። ምስክር ሆነው የቆሙትን የላይ ቤትና የታች ቤት ሰዎች በጣታቸው እያሳዩ፣ እነዚህ በየዓመቱ ራስ ለራስ የሚፈናከቱ ባላጋሮች ናቸው፣ ዛሬ በምን ተስማምተው ነው አንድ ቃል የሚመሰክሩት፣ ተማክረው ነው እንጂ አሉ። አንዱ የታች ቤት ሰው አፉን ሲከፍት ጓንጉል ቀደመው።

«ሜዳው ከታረሰ የት ሄደን እንፈናከት?»

ታች ቤቶች እስከ ዛሬ ይሄን መልስ የተናገረው የኛ ሰው ነው ይላሉ። አፉን እንደ ከፈተ እኔም አምናለሁ። መናገሩን ግን አልተናገረም።

ቀኛዝማች ይርዳው ፍርዱን ሦስት ቀን አሰቡበት። ፊታውራሪን አያስቀይሙ፣ ከገበታቸው ይቀመጣሉ። ሁለት መንደር አያስቀይሙ፣ በመካከሉ ያልፋሉ። በሦስተኛው ቀን ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ እንዲህ ብለው ፈረዱ፦ «ገና እስኪያልፍ ሜዳው አይታረስ።» በፍርዳቸው በጣም ደስ ብሏቸው ነበር። ፊታውራሪም ፈገግ አሉ፤ የሚታገሡት ሁለት ወር ብቻ ነው። ሰዉ ግን አንገቱን ደፍቶ ተበተነ፤ የሚመጣው ገና የመጨረሻው መሆኑ ነው። ጓንጉል ቤቱ ሲገባ ዘርፌ ምንም አልተናገረችውም። ዘርፌ ዝም ካለች ነገሩ ምን ያህል እንደ ከፋ እወቁት።

ያ ገና መቼም እንደሱ ያለ አልታየም። ሕመምተኛው ሳይቀር ወጣ። አሮጊቶቹ ከሜዳው ዳር ቆመው ሣሩን እየነጩ በመቀነታቸው ይቋጥሩ ነበር። ጓንጉል ስድሳ ዓመቱን አልፏል፤ ቢሆንም መሀል ገባ። አንድ የታች ቤት ጎረምሳ በትከሻው ገፍትሮ መሬት ላይ ጣለውና፣ አያ ጓንጉል፣ በዚህ ዕድሜዎ ከቤትዎ አይቀመጡም ወይ አለው።

«ልጄ፣ እዚህ የሚመቱኝ በዱላ ነው። ቤቴ ዘርፌ አለች።»

ጎረምሳው ሲስቅ ሩሩን ከእግሩ ሥር መንጭቆ ወሰደበት። ላይ ቤት አሸነፈ። እንደ ልማዱ አሸናፊዎቹ እየጨፈሩ ፊታውራሪ ፊት ቀረቡ፤ ፀሐይ አልጠለቀችም፤ ጓንጉል ዱላውን ወደ ላይ አንሥቶ ግጥሙን ሰጠ፦

«ፊታውራሪ አጥናፌ ሊያርሱ አማራቸው፣
ማረሻ ሳይመጣ ታረሰ እግራቸው።»

ፊታውራሪ በጥርሳቸው ሳቁ። ከነገ ወዲያ የማን ሳቅ እንደሚሆን አውቀዋል።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ስድስት ጥማድ በሬ ሰንበሌጥ ሜዳ ቆመ። ፊታውራሪ በቅሏቸው ላይ ሆነው አራሾቹን አሰለፉ። ጓንጉልን ከፊተኞቹ በሬዎች አፍንጫ ሥር ተቀምጦ አገኙት። አንሡት ቢሉ የሚያነሣው ጠፋ፤ ሁለቱም መንደር ዙሪያውን ቆሞ ያያል። ፊታውራሪ፣ ፍርድ ጥሷል፣ ዳኛ ይጠራ አሉ። ቀኛዝማች ይርዳው ቁርሳቸውን ሳይጨርሱ ተጠርተው መጡ፤ ፊታቸው እንዴት እንደ ነበር አትጠይቁኝ።

ቀኛዝማች ከበቅሏቸው ላይ ሆነው ተናገሩ። ፍርዴ ፍርድ ነው፣ አላጥፈውም፤ ገና ካለፈ ይታረሳል፣ ገና ከሆነ ይቆያል፤ እናንተ ተጠያየቁ፣ ባለጋራ በገዛ አፉ ያመነው ይጸናበታል፣ ከዚያ ወዲያ ምስክር አልሰማም አሉ። የዚያን ዘመን ሙግት እንዲህ ነው፤ ቃል ከአፍ ከወጣ አይመለስም። ፊታውራሪ ደስ ብሏቸው እስማማለሁ አሉ። ጓንጉልም በዱላው ተደግፎ ተነሣና እስማማለሁ አለ፤ ሁለት ጥያቄ ብቻ ይፈቀድልኝ ብሎ እጅ ነሣ።

መጀመሪያ ገና አልፏል ወይ ብሎ ጠየቀ። ፊታውራሪ፣ አልፏል፣ ከትናንት ወዲያ ሁላችሁም ጨፍራችሁ አሳልፋችሁታል አሉ። ቀኛዝማች ራሳቸውን ነቀነቁ። ከሰዉ መካከል የሚያለቅስ ተሰማ። ዘርፌ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። አራሾቹ ሞፈሩን ጨበጡ።

ጓንጉል ሁለተኛውን ጠየቀ። የዘንድሮው ይለፍ ጌታዬ፣ የሚመጣው ዓመትስ፣ እሱም አልፏል ወይ አለ። ፊታውራሪ ትዕግሥታቸው አለቀ፤ አሁንስ አእምሮውንም አጣ ብለው ወደ ሰዎቻቸው ዞረው እየሳቁ መለሱለት።

«የሚመጣውማ ገና ነው!»

ጓንጉል መሬት ስሞ ቀና አለና ወደ ቀኛዝማች ዞረ።

«ዳኛ ይስሙልኝ፤ በገዛ አፋቸው ገና ነው ብለዋል።»